ባዶ ነው ያሉት ሳንቃ

ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ስንሄድ አጎቴ ያንን አሮጌ የእንጨት ድልድይ በከዘራቸው ሳያንኳኩ ተሻግረው አያውቁም። መሃል ላይ ይቆሙና ሳንቃውን መታ መታ አድርገው፣ "ስማው እስቲ፤ ባዶ ነው። ውስጡ አልቋል" ይሉኛል። ቦንጋ እንደደረስን፣ ድልድዩ ይጠገን ለማለት በቀጥታ ወደ መንገድ ቢሮ ነው።

"ጋሼ፣ ፕሮሰስ ላይ ነው" ይሏቸዋል።

ስንት ዓመት ሙሉ ፕሮሰስ ላይ! በመጨረሻ የቢሮው ሰዎች መጡ፤ "ታሪካዊ ድልድይ" የሚል ታፔላ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። አንዲት ሚስማር እንኳ አልመቱም።

ዘንድሮ ክረምት ወንዙ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ታፔላው ብቻ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። በሳምንቱ አጎቴ አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነውና አስከሬናቸውን ውሃ ውስጥ ገብተን በትከሻችን አሻገርነው።

ከቀብሩ በኋላ የቢሮው ኃላፊ ሊናገር ተነሳ። እሱም በውሃው መጥቶ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

"እኚህ አባት የትውልድ ድልድይ ነበሩ" አለ።

ለቀብሩ ክብር ስል ያን ቀን ዋጥኩት። ዛሬ አልውጠውም። የለም፣ ጌታው! ድልድዩ ድልድይ ነበር። አጎቴ "ይወድቃል" ብለው የነገሩህ ሰው ነበሩ።