የሺህ ዋት አምፖል

ቢቸና ፊዚክስ ላስተምር ተመድቤ የተከራየኋት ክፍል ሕጓ አንድ ነበር፤ አምፖል ይበራል፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ስቶቭ ግን ክልክል ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ አከራዬ፣ የቅኔ መምህር የነበሩት መሪጌታ ናቸው። እኔም ስቶቬን አልጋ ሥር እየደበቅሁ ሽሮዬን እሠራ ነበር።

አንድ ቀን መሪጌታ በረንዳው ላይ ካለው ቆጣሪ ፊት ቆመው፣ እየተቀያየሩ ስለሚታዩት ቁጥሮች ጠየቁኝ። መምህር ተጠይቆ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ እኔ ደግሞ ይብስብኛል።

"ይሄ ቮልት ነው፣ ይሄ አምፔር። ሁለቱን ሲያባዟቸው ዋት ይሆናል። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት ደግሞ የዕቃውን ሬዚስታንስ በኦም ያገኛሉ" አልኳቸው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድሞ ገባቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽሮዬ እየተንተከተከ ሳለ በሬ ተንኳኳ። መሪጌታ ናቸው፤ ወረቀት ይዘዋል።

"የኔን ቤት ሁሉንም አጠፋሁና ቆጣሪውን አየሁት። ሁለት መቶ ቮልት፣ አምስት አምፔር ይላል። አምፖልህ ስንት ዋት ነው ልጄ?"

"አስር" አልኩ።

"እኔ ሺህ ነው የመጣልኝ። ሬዚስታንሱም አርባ ኦም ነው። ተሳስቼ እንደሆነ አርመኝ።"

አልተሳሳቱም። ሻንጣዬ የት እንዳለ በዓይኔ ስፈልግ፣ መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር ድንች የሞላች ድስት አወጡ።

"ስቶቭ የከለከለችው ባለቤቴ ናት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከገበያ ሳትመለስ ጣድልኝ። ስለ ቆጣሪው ብትጠይቅህ ግን፣ እሷን እንዳታስተምራት።"