በቪዲዮው ላይ ያልታየው መቀነት

ልጄን የማስራት በመቀነቴ ነው። ገመድ ይቆርጣታል። መቀነት ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ዙር አዙሬ ጫፉን ከምሰሶው ጋር አስረዋለሁ። ከምሰሶው እስከ መደቡ ድረስ ያስኬዳታል። እሷ ታስራ ስትውል እኔ ያለ መቀነት ነው የምሄደው፤ ወገቤን ይበርደኛል። ይህን አሁን ሳወራው ቀላል ይመስላል፤ ለሰው ለመናገር ግን ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትናገርም። ስትደሰት እጇን ታርገበግባለች፣ ሲከፋት ግንባሯን ከግድግዳ ታጋጫለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን መሄዷ ነው። በሩ ገርበብ ካለ ትወጣለች፤ ከወጣች ዞራ አታይም፤ ስሟን ብጠራው እንደ ሌላ ሰው ስም ነው የምትሰማው። ቤታችን ደባርቅ ነው፣ ከአስፋልቱ አፋፍ። ከአዲ አርቃይ የሚመጣው ከባድ መኪና ሊማሊሞን እያቃሰተ ወጥቶ ሲያበቃ እኛ ደጅ ላይ ነው ፍጥነቱን የሚለቀው። አንድ ቀን አስፋልቱ መሃል ቁጭ ብላ ጠጠር ስትደረድር አገኘኋት። መኪናው ክንድ ሲቀረው ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ ጎማው ሥር ተቀምጧል።

«እናትየዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

አዎ ለማለት አፈርኩ።

መታሰርን የለመደችው ጠበል ቦታ ነው። ሁለት ሱባኤ ይዣት ተቀመጥኩ። እዚያ የሚሮጥ ሁሉ ይታሰራል፤ ሁላችንም የታሰረ ሰው ስለነበረን ነውር አልነበረም። ነውር የሆነብኝ ቤት ስመለስ ነው። ጠዋት ጠዋት አልጋ ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ፈረንጅ ወደ ተራራው ይጎርፍ በነበረ ጊዜ አራት አጣቢዎች ነበርን፤ አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። ባሌ ተራራው ላይ ጨነቅ በሚባል ቦታ የፓርኩ ስካውት፣ ማለት ጥበቃ ነው፤ በወር አንዴ ቢወርድ ነው። ልጅ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም። አስሬያት እሄዳለሁ፤ በየመሃሉ በሳሙና እጄ ሮጬ መጥቼ አያታለሁ።

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሰማሁት ጤና ጣቢያ ካለች ነርስ ነው። «እርግማን አይደለም፣ የእርስዎም ጥፋት አይደለም» አለችኝ። ባሌ ትቶልኝ የሄደውን ስልክ ተቀብላ ቴሌግራም ላይ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ያስገባችኝም እሷ ናት። ትምህርቱ በድምፅ መሆኑ በጀኝ። እኔ መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ እንደ ድንጋይ ካብ ዞሬው አልፋለሁ። ድምፁን ግን ስልኩን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ አንሶላ እያሸሁ እሰማለሁ።

መምህሯ ሩቅ ከተማ ያለች ወጣት ናት። ፊቷን አላውቀውም፤ ድምፅዋ ግን የማይቸኩል ነው። «እናቶች፣ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ካላወቀ ይፈራል። ቃል ካልገባው በሥዕል አሳዩት» አለችን። እኔም ብስኩቱን ከብስኩት ሽፋን ቆረጥኩ፣ ሳሙናውን ከሳሙና ካርቶን። በር የሚያሳይ ስላጣሁ በከሰል ሣልኩት። በተራ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው፦ መብላት፣ መታጠብ፣ መውጣት። ልጄ በሩን ነጥላ በላችው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀጥሎ መምህሯ ቪዲዮ ጠየቀች። «ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትውል አይቼ ነው መምከር የምችለው።»

ከባሌ ሌላ መታሰሯን የምታውቀው ጎረቤቴ ብቻ ነበረች። ነገርኳት።

«እብድ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «ስልክ ውስጥ የገባ ሁሉ ይመዘገባል። ልጇን ታስራለች ብለው መጥተው ሲወስዱብሽ ታያለሽ።»

እንዳልልክ፣ ምክሩ ያምረኛል። እንደሆነው እንዳልልክ፣ ልጄን ይነጥቁኛል። ስለዚህ ሰዓት መረጥኩ። በልታ ስትጠግብ ትንሽ ትረጋለች፤ ቆርኪዎቿን ትደረድራለች። ያኔ ፈታኋት። መቀነቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያወጣውን ምልክት ለመሸፈን የአባቷን ካልሲ አጠለቅሁላት። ስልኩ በጨለማ አያነሳም ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ራሴ ደፉ ላይ ቆሜ መውጫውን ዘጋሁ። የሳሙናውን ሥዕል ሳሳያት፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ብድግ ብላ ወደ ሳፋው ሄደች። ሁለት ደቂቃው ሞላ። በሩን ዘጋሁ፤ አሰርኳት።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «እናቴ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሩ ተከፍቶ ተረጋግታ ተቀምጣለች። እንዴት ነው ያስለመዷት?» ቀጥላም ሳቅ አለች። «ካልሲዋ ደስ ሲል። ደባርቅ ብርድ ነው አይደል?»

«በሥዕሉ ነው ያስለመድኳት» አልኩ። «ካልሲው ለብርዱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስሜ «የደባርቋ እናት» ሆነ። አዲስ እናት ግሩፑ ውስጥ በገባች ቁጥር ቪዲዮዬ ይላክላታል። ባሌ ለወሩ ሲወርድ ወሬውን ሰምቷል።

«የስልክ መምህርት ሆነሻል አሉ» አለኝ ጫማውን እያወለቀ። «እኛንም አስተምሪን እንጂ።»

መቀነቱን በዓይኑ አየው፤ ሌላውን ጫማ ማውለቅ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። አርባ ዓመት አልፎኝ «እንደ እሷ አድርጉ» የተባለልኝ ያኔ ብቻ ነው። ከመምህሯ የሚመጣው ምክር ግን ላልታሰረች ልጅ የሚሆን ምክር ነበር። እኔ ቤት ደግሞ ያለችው ሌላ ናት።

አንድ ቅዳሜ አልጋ ቤቱ ጓሮ ሳጥብ አንዲት ሴት መጣች። ከእኔ ታንሳለች፤ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል።

«እታለም፣ የደባርቋ እናት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ከዳባት ነው የመጣሁት። ግሩፑ ውስጥ ነኝ።»

አንሶላ ልጠመዝዝ ስል ሳልጠይቃት ሌላውን ጫፍ ያዘች። እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ እያጠመዘዝን ነው የነገረችኝ።

«ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። እቆልፍበት ነበር። ያንቺን ካየሁ በኋላ ቁልፉን ተውኩት። ሥዕል ለጠፍኩ፣ በሩን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ዋለልኝ። በሦስተኛው ለእሳቱ እንጨት ላመጣ ዞር ስል የለም።»

«ተገኘ?»

«በማግስቱ፣ ገደል ሥር፣ ወንዝ ዳር። እግሩ ተሰብሯል። አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ አልቋል።» ውሃው ከአንሶላው እግራችን ላይ ይወርዳል። «አንቺን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ምን እንዳጎደልኩ እንድትነግሪኝ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልጄ በዚያ ሰዓት ምሰሶው ሥር ነበረች።

«ሥዕሉን ከፍ አድርገሽ ሰቅለሽው ይሆናል» አልኩ። «በዓይኑ ልክ ዝቅ አድርጊው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ በቃሏ ልትይዘው ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ልጅሽን ልያት?»

«ተኝታለች።»

«በቀን? የታደልሽ» አለች። አንሶላውን ገመድ ላይ አብራኝ አስጥታ፣ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን መስማት አቃተኝ። የመምህሯ ድምፅ ሲጀምር ስልኩን ከደረቴ አውጥቼ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን የድምፅ መቅጃውን ቁልፍ ተጭኜ ለግሩፑ መናገር ጀመርኩ፤ አጠፋሁት። ደግሜ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት። በሦስተኛው «ልጄን አስራታለሁ፤ በሩን አትክፈቱ» ብዬ ለቀቅሁት። መልእክቱ አጠገብ ትንሽ የሰዓት ምልክት መጣች፤ ሳትለወጥ ቀረች። ለካ የዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ተቋርጧል። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ወር ሆነ። የመምህሯን ስልክ ቁጥር አላውቅም፤ የዳባቷንም አልተቀበልኳትም። ቃሌ ስልኬ ውስጥ ታስሮ ቀረ።

ስለዚህ ዳባት ሄድኩ። ልጄን የምተውበት ስላልነበረኝ መቀነቱን ከእሷ ወገብ ወደ እኔ ወገብ አሰርኩ፤ ከጠበሉ ወዲህ ሰው ፊት ስታሰር የመጀመሪያዋ ነው። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ አየን።

«እማማ፣ ገበያ ሊያወጧት ነው እንዴ? በግ ይመስል» አለ።

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አንዲት አሮጊት «ዝም በል አንተ፣ አልወለድክም» አሉት። ልጄ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ እስክንወርድ ድረስ አንድ ድምፅ ታወጣ ነበር።

እግሩ የተሰበረው ልጅ ቤት ብዬ ጠየቅሁ፤ አሳዩኝ። በሩ ላይ ከውጭ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከውስጥ ቆርቆሮ የሚደበደብ ድምፅ ይሰማል፤ ደብ ደብ፣ ደብ ደብ፣ ሳያፋጥን፣ ሳያቋርጥ። ደጁ ላይ ተቀመጥን። ልጄ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ሴትየዋ ጀሪካን ተሸክማ መጣች። መጀመሪያ ያየችው መቀነቱን ነው። ሰላም እስክትለኝ አልጠበቅሁም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«በሩስ?» አለች። «በሩ ክፍት ነበር እኮ።»

«ለብርሃን ነው የከፈትኩት። ለስልኩ።»

ጀሪካኑን አወረደች።

«ያንቺዋ ችላ የለ፣ አንተ ለምን አቃተህ እያልኩ መታሁት» አለች። «እግሩ በወጌሻ ታስሮ ተኝቶ ነው የመታሁት።»

ይቅር በዪኝ ልል ስል እሷ ቁልፉን ከጡቷ ሥር እየፈለገች ነበር። ግቢም አላለችኝ፣ ሂጂም አላለችኝ። በሩ ሲከፈት ልጄ ቀድማ ገባች፤ መቀነቱ ሲጎትተኝ ተከተልኳት። ልጁ መደብ ላይ ተቀምጦ በጣሳ ግድግዳውን እየመታ ነው፤ ቀና ብሎ አላየንም።

«ለመምህሯም እንዲሁ ትነግሪያታለሽ» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ። «እኔ እየሰማሁ።»

«እሺ።»

«ኔትወርክ ሲመጣ።»

«እሺ።»

እስካሁን አልመጣም። እሷ ትቆልፋለች፣ እኔ አስራለሁ። ቪዲዮው ግን አስቀድሞ ሄዷል፤ በማላውቃቸው ሴቶች ስልክ ላይ ልጄ ካልሲ አድርጋ ቆርኪ ትደረድራለች። ስንቷ እናት ያንን አይታ በሩን ከፍታ እንደተቀመጠች አላውቅም።