ሕመም ብቻ ብለህ ጻፍልኝ

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። የአንሶላ ማጠቢያው ሠራተኞች «ዶክተር ክርን» ይሉታል፤ ዶክተርም አይደለም፣ ጤና መኮንን ነው። ግን ከአሥር ሰው ዘጠኙ ክርኑን ይዞ ለሚገባበት ክፍል ከዚህ የተሻለ ማዕረግ ከየት ይምጣ? እርጥብ አንሶላ ከማሽን ጎትቶ ማውጣት፣ ማራገፍ፣ መተኮስ፣ እንደገና መጎተት። ቀኑን ሙሉ ይህን የሚሠራ ክንድ አንድ ቀን ማመፁ አይቀርም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከክርኑ ውጪ በኩል ያለችውን አጥንት በአውራ ጣቱ ይጫናል። ከዚያ ጥግ ያለውን ወንበር ያሳይና «መዳፍህን ወደ መሬት አድርገህ ከመደገፊያው አንሣው» ይላል። ጅማቱ የተጎዳ ሰው ወንበሩን አያነሣም፤ ቢያነሣም ፊቱ ይናገራል።

ጣጣው የሚመጣው ሲጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ኮድ መዝገብ አይዘጋም፤ ዋናው ቢሮም ከኮዱ በቀር የሚያነበው ነገር የለም። አንዱ ኮድ «የክርን ሕመም» ነው፤ ማስታገሻ ውጦ ወደ ሥራ። ሌላው «ከሥራ የመጣ የክርን ጅማት ጉዳት» ነው፤ እረፍትና ቀላል ሥራ ያሰጣል፣ ያውም በወረቀት ላይ። በተግባር ግን ይህ ኮድ የገባለት ሰው ኮንትራቱ ሲያልቅ «ደህና ሰንብት» ይባላል። ስለዚህ ሠራተኛው ገና በሩን ሳይዘጋ «ዶክተር፣ በፈጠረህ፣ ሕመም ብቻ ብለህ ጻፍልኝ» ይላል። ወንበሩን ማታለልም ተማማሩ። መዳፍን ገልብጦ ከሥር ብድግ ማድረግ ነው፤ ያኔ ብዙም አያምም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እሱም እያየ እንዳላየ ያልፋቸዋል። ፈሪ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም፤ ለታመመው ክንድ ግን ያው ነው።

አንድ ጠዋት ታናሽ እህቱ ገባች። እናታቸው ስትሞት ያሳደጋት እሱ ነው፤ እዚህ ሥራም ያስገባት እሱ። ወንበሩን ከሥር፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ብድግ አደረገችና ሳቀች።

«አየህ ጋሼ? ብረት ነኝ!»

«እኔን ነው የምታታልዪው? መዳፍሽን ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ወንበሩ ገና ከመሬት ሳይለቅ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጅማትሽ ተጎድቷል። እውነቱን እጽፍና ታርፊያለሽ» አላት።

«በእናታችን አጥንት! ኮንትራቴ ሊታደስ ነው እኮ። ሁለት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ? ለባዳው ሁሉ ያደረግኸውን ለእኔ ትከለክለኛለህ?»

ኮንትራቷ ይታደስ እንጂ በማግስቱ አስተካክለዋለሁ ብሎ ራሱን ደለለና «የክርን ሕመም» የሚለውን አስገባ። ኮንትራቷ ታደሰ። ማግስቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሳይመጣ ቀረ።

አደጋው ቀደመው። መተኮሻው ላይ አንሶላው ከማይታዘዛት እጇ አመለጠ፤ መልሳ ልትይዘው ስትል የጋለው ብረት ወረደባት። ቀኝ እጇ ከዚያ ወዲያ እጅ አልሆነም።

ከዋናው ቢሮ አንድ ሰው ሊያጣራ መጣ። እህቱ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች።

«‹የክርን ሕመም፤ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች› ይላል» አለ ሰውየው ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «ክንዷ ደህና ከነበረ ጥፋቱ የራሷ ግድየለሽነት ነው። ካሣ የለም።»

«ደህና አልነበረም» አለ ዶክተር ክርን። «ጅማቷ እንደተጎዳ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ሕመም ብቻ ብዬ የጻፍኩት።»

«ስንት ሰው ላይ እንዲህ ጽፈሃል?»

«ሁሉም ላይ።»

ሰውየው አልተቆጣም። «ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ለእህትህ ብለህ ትዋሻለህ። የትኛውን ልመን? እኛ የምንከፍለው በኮዱ ነው» አለው።

በአንድ ቀን ተሰናበቱ፤ እሱ በሐሰት መዝገብ፣ እሷ ከእንግዲህ መሥራት አትችልም ተብላ። ከግቢው ሲወጡ የኮቷን ቁልፍ በግራ እጇ ልትቆልፍ ታገለች፤ አልሆነላትም። ጎንበስ ብሎ ቆለፈላት።

«አልተቀየምኩህም ጋሼ» አለችው። «የለመንኩህ እኔው ነኝ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።