ሺራን ጉልበቷን ለማስለካት ወደ ሃይፋ

ጠዋት፣ አፉላ ኢሊት

የዛሬው መንገዳችን የልጄን የሺራን ጉልበት ለማስለካት ነው። ሺራ በሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ አጥቂ ናት። አምና ጨዋታ ላይ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። አሰልጣኟ ነገሩን አሳጥሮ ነግሯታል፤ የተጎዳው እግር በኃይል ከጤነኛው ጋር መቀራረቡ በመሣሪያ ሳይረጋገጥ ሜዳ አትገባም። ዛሬ ካልተሳካ የዘንድሮውን ውድድር ከአጥር ውጭ ቆማ ልታይ ነው።

ባለፈው ስትለካ የወሰደቻት እናቷ ነበረች። አሁን ግን ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ "እኔ ነኝ የምሄደው" አልኩ። እናቷ ሆደ ቡቡ ናት፤ ልጅቱ የሚያበረታታት ሰው ያስፈልጋታል ብዬ ነው።

አውቶቡሱ ከሰፈራችን ከአፉላ ኢሊት ቁልቁለቱን ሲወርድ ሸለቆው ከነማሳው ይታያል፤ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። መሀል ከተማ ወርደን የተቆላ የሱፍ ፍሬ ገዛሁ። አፉላ እየኖረ ያለ ሱፍ መንገድ የሚጀምር ሰው አላውቅም። ሺራ ግን አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም። ስትጨነቅ ሆዷ ይዘጋል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚሁ ናት።

በባቡር

ባቡሩ ውስጥ ወታደሮች ቦርሳቸውን ተንተርሰው ተኝተዋል። ፊት ለፊታችን አንዲት የጎጃም እናት ተቀምጠው ነበርና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን።

"የልጅቱን ጉልበት ልናስለካ ነው፣ እማማ።"

"ጉልበትም ይለካል እንዴ?"

"እዚህ አገር የማይለካ ነገር አለ ብለው ነው?"

ሳቁና ወደ ሺራ ዞሩ። "እግርሽን ያጽናልሽ፣ ልጄ።" ሺራ አንገቷን ደፍታ "አሜን" አለች። የቀርሜሎስ ተራራ በመስኮቱ እስኪታይ ድረስ እግሯን ወንበሩ ሥር እንደሰበሰበች ነበር።

ሃይፋ

የስፖርት ሕክምና ማዕከሉ ከባሕሩ ብዙ አይርቅም። የምትለካት ባለሙያ ኢሪት ትባላለች፤ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። መሣሪያው ማሰሪያ የበዛበት ወንበር ነው። እግር ከአንድ የብረት ክንድ ጋር ይታሰርና ተለኪው ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ግፊት በመስመር ይስለዋል።

እኔም በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ኢሪት "ግፊ! ግፊ!" ትላለች፤ እኔ "አይዞሽ ልጄ፣ አለሁልሽ" እላለሁ።

ሁለቱም እግሮች ተለኩ። ኢሪት ስክሪኑን ስታይ ሳቋ ጠፋ። "ቀኙ እግር ደካማ ነው" አለች። ሺራ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔም ሆዴ ባባ፤ እናቷን ሆደ ቡቡ ያልኩት ሰውዬ።

ኢሪት ግን ከስክሪኑ አልተነሳችም። "ቆዩ እስቲ፤ ጤነኛው እግርም ካለፈው ወርዷል። ያልተጎዳ እግር ለምን ይደክማል? መስመሮቹም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሰው ከልቡ ሲገፋ ግፊቶቹ ይቀራረባሉ። ይህን ውጤት አላምነውም" አለች። ከዚያ ወደ ሺራ ዞረች። "ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ፈርተሻል?"

"አልፈራሁም።"

"ታዲያ ወንበሩ ያው፣ ማሰሪያው ያው፣ እኔም ያው ነኝ። ካለፈው ምን ተለየ?"

ሺራ ወደ እኔ አየችና ዓይኗን ሰበረች። "አባ፣ ሎ ናዒም ሊ" አለች፤ አልተመቸኝም ማለቷ ነው። "አንተ ፊቴ ቁጭ ብለህ እግሬን ወደ አንተ እንዴት ልወርውረው?"

እኛ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እግሩን አይዘረጋም። ያስተማርናት እኔና እናቷ ነን፤ ትምህርቱ ይህን ያህል ዘልቆ መግባቱን ግን አላወቅንም። እናቷ ባለፈው ኮሪደር ላይ ነበር የጠበቀቻት።

ነገሩን ለኢሪት በዕብራይስጥ አስረዳኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በርጩማዬን ራሷ አንስታ ከሺራ ኋላ አኖረችው። "ከእንግዲህ ወንበር ሳስተካክል አባትንም አስተካክላለሁ" አለች።

ሺራ አረፍ ብላ እንደገና ጀመረች። ከኋላ ሆኜ የሚታየኝ ሹሩባዋ ብቻ ነበር፤ የብረቱ ክንድ ግን ሲያቃስት ሰማሁት። በዚህ ጊዜ መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ኢሪት አሁንም አልቸኮለችም፤ አሳርፋ አንዴ ደግማ ለካቻት። ሁለቱ ውጤቶች ተቀራረቡ። "አሁን አመንኩ" አለች። "ቀኙ ከግራው ትንሽ ይቀረዋል፤ አሰልጣኝሽ የፈለገውን ግን አሟልቷል። ቀስ ብለሽ ጀምሪ።"

ሺራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ የት እንደማለቅስ ጠፍቶኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

መመለስ

ጣቢያው አጠገብ ሁለት ሳንድዊች ገዛሁ፤ አንዱ ሠላሳ ሸቀል ነው፣ አፉላ ቢሆን እከራከር ነበር። ሺራ የራሷን ጨርሳ የእኔን ገመሰች። ሱፉንም ጨረሰችው።

በመስኮቱ እያየሁ ስለ ቀኑ አሰብኩ። የመጣሁት ልረዳት ነበር፣ ከልቤ ነበር፣ ግን መንገዷ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ሰውን መርዳት የፈለገ አስቀድሞ የት እንደሚቀመጥ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ኢሪትም የመጀመሪያውን ውጤት ብታምን ኖሮ ሺራ ዛሬ የምትመለሰው እያለቀሰች ነበር።

አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ ወደ አፉላ ኢሊት ሽቅብ ሲወጣ "ጨዋታሽ ሲደርስ የት ልቀመጥ? ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሁሌ ከኋላሽ መሆን አልችልም" አልኳት።

ሺራ የሱፉን ቅርፊት ከጭኗ ላይ አራገፈች።

"ከጎሉ ጀርባ ቁም።"

"ወደ እኔ ልትመቺ?"

"ኬን፣ አዎ አባ" አለች፣ እግሯን ወንበሩ ሥር እየዘረጋች። "ወደ አንተ።"