ኖራው ሲርስ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እኛ ሰፈር፣ ጎረቤታችን አጥሩን ኖራ ሲቀባ ሽታው ቤቴ ድረስ መጣ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቷል።

ልጅ ሳለሁ፣ ለዘመን መለወጫችን ለፊቼ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አያቴ የጭቃ ቤታችንን ኖራ ይቀቡ ነበር። የዚያን ዓመት ግን የደጁ ግድግዳ ላይ የታናሽ ወንድሜ እጅ ነበረበት። ሊሞት ሰሞን በከሰል የጠቆረ መዳፉን ለጥፎበት ነው።

አያቴ የኖራውን ድንጋይ በርሜል ውስጥ ከተው ውሃ ሲያፈሱበት ያለ እሳት ተንተከተከ።

«አባባ፣ አስተማሪያችን ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም አጥንታችንም ውስጥ አለ ብሎናል» አልኳቸው።

ብሩሹን እንደያዙ ቆሙ። «የወንድምሽም አጥንት ውስጥ?»

«አዎ፣ የእሱም።»

ብሩሹን ነክረው እጁ ላይ ቀቡበት። ኖራ እርጥብ ሲሆን ስስ ነው፤ እጁ ከሥሩ ይታይ ነበር። እናቴ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየች። ሲደርቅ ግድግዳው ነጣ፤ እጁም ጠፋ።

በመጀመሪያው ዝናብ ግድግዳው ሲርስ እጁ ተመልሶ ወጣ። ጮኼ እናቴን ልጠራ ስል አያቴ አፌን ያዙኝ።

«ተይ፣ አትጥሪያት። ሲደርቅ ይጠፋል።»

እናቴ ግን ቀድማን አይታው ኖሯል፤ ዝናቡ መሃል ቆማለች።

ያ ቤት ፈርሶ በቦታው የብሎኬት ቤት ሠርተናል። ዛሬም ከከተማችን ሐይቅ በኩል ዝናብ ሲመጣ እናቴ ትወጣና ግድግዳው ፊት ትቆማለች። ጃንጥላ ይዤ እከተላታለሁ። እንግባ ልላት እልና፣ እኔም ግድግዳውን ማየት እጀምራለሁ።