የሚስተር ጥድፊያና የጎተራው ድንጋይ

በ1966 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ድረስ በእግሬ እየተመላለስሁ ሰባተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። ለኔ ደግ ዓመት አልነበረም። ነገሩንም እስከ ዛሬ ለማንም አላነሣሁት። ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ እንግሊዝኛ ስታዳምጥ «ኧረ አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ሲፈጥኑ! ሆን ብለው ነው እኮ!» ባትል ኖሮ ዛሬም አላነሣውም ነበር። ሆን ብለው ነው አለች። የኔው ቃል ነው። ደሜ ፈላ።

በዚያ ዓመት እንግሊዝኛ የሚያስተምረን አንድ ሕንድ ነበር። ስሙ ለአፋችን አልመች ስላለ «ሚስተር» ብቻ እንለው ነበር። ፀጉሩን ቅባት ይቀባል፤ እሱ ገና በሩ ላይ ሳለ ሽታው ቀድሞት ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ቅርንፉድ ያለ ሽታ። የኮቱ እጅጌ በጠመኔ የነጣ ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ አርጩሜ እንኳ አይይዝም። እኔ ግን ጠላሁት። የጠላሁት በአፉ ነው። አፉን ሲከፍት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ማለት ነው፤ ግንዱንም ገለባውንም ጭቃውንም አንድ ላይ ጠርጎ ያልፋል፤ ዳር የቆመ ሰው ምኑን ይይዛል? እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጀምሬ ነው የመጣሁት። እዚያ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አለ፤ ዓይን ታርፋለች። የዚህ ሰውዬ አፍ ግን ነጥብ አያውቅም። ከደወል እስከ ደወል አንድ ቃል ነው።

የባሱት ደግሞ የወረታ ልጆች ነበሩ። ሙሉጌታ የሚባል፣ አባቱ ሻይ ቤት ያለው፣ ጫማ የሚጫማ ልጅ ከፊት ይቀመጣል። ሚስተር ሲስቅ ይስቃል፤ ሚስተር ኮስተር ሲል ኮስተር ይላል። ገባው ብለን እንቀናበታለን። እሱም ወደኛ ዞሮ «የቁሐር ልጆች፣ የክረምቱ ጎርፍ ጆሯችሁ ውስጥ ጭቃ ጥሎ ሄዷል፤ በእንጨት አስወጡት» ይለናል። «እስቲ አንተ ምን እንዳለ ንገረን» ስንለው «ለናንተ አይነገርም!» ብሎ ይዞራል። ኋላ ሳስበው እሱም አንዲት ነገር አልገባውም፤ የገባው የሳቁ ሰዓት ብቻ ነው።

ጥር ላይ ነው፤ ሚስተር ጣቱን ቀስሮብኝ ያን ጎርፉን ለቀቀብኝ። አንዲትም ቃል አልያዝሁ። ደገመው፤ ያው ነው። ሙሉጌታ «ጭቃው! ጭቃው!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያን ጊዜ ተነሥቼ በአማርኛ «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! ጅብ ተከትሎሃል እንዴ?» ብዬ ጮህሁበት። እንኳን ለመምህር ለእኩያም የሚባል አይደለም። ሚስተር አልገባውም፤ ዓይኑን አርገበገበ። በመስኮቱ በኩል ያልፉ የነበሩት ዲሬክተር ግን ገብቷቸዋል። ጆሮዬን ይዘው አወጡኝ፤ በማግሥቱም አባቴን አስጠሩት። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ ነገ ጠዋት ድንጋይ ተሸክሞ በተማሪው ፊት ሚስተርን ይቅርታ ይጠይቅ፤ አለዚያ ትምህርቱ አበቃ፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

አባቴ ፊደል አይለይም፤ ወሬም አይወድም። ሰምቶ ሲያበቃ «እስቲ ሰውየው ሲናገር ልስማው» አለ። ከክፍሉ መስኮት ሥር ዱላውን ተደግፎ፣ ጋቢውን ከጆሮው ገለጥ አድርጎ አደመጠ። ከዚያ «እንሂድ» አለኝ።

«ድንጋይ አልሸከምም» አልሁት መንገድ ላይ። «ሆን ብሎ ነው የሚጣደፈው። አንተም ሰምተኸዋል።» ከከተማው ወጥተን ሜዳው ሲጀምር፣ የማናውቀው መንደር ከብት ወደ ውኃ ሲወርድ ደረስን።

«ቁም» አለኝ። ቆምሁ። ከብቱ አቧራውን እያስነሣ፣ እየተጋፋ አለፈ።

«ምን አየህ?»

«ከብት።»

«ምን ምን ከብት?»

«እኔ በምን ልለይ! ግር ብሎ ሮጦ አለፈ!»

መንገዱን ቀጠለ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የጓያ እሸት እየፈለፈልሁ፣ እያጉረመረምሁ ተከተልሁት። ሠፈራችን ስንደርስ የኛው መንደር ከብት ደግሞ ከውኃ ወደ ማደሪያው ይመለስ ነበር። «ቁም» አለኝ እንደገና። «ምን አየህ?»

አፌ ቀደመኝ። «ቦራዋ ላማችን ቀድማለች። ዳለቻው ዛሬም ያነክሳል። የቄሰ ገበዙ ወይኖ ላም ጥጃዋ ናፍቋት ትጋፋለች። ቡሬውን ደግሞ ማን ወግቶት ነው ጎኑ የደማው?»

«እነዚህኞቹ አዘገሙ?»

አየሁ። አላዘገሙም። አቧራው ያው፣ ግፊያው ያው፣ ሩጫውም ያው ነው።

«ሰውየው አልፈጠነም» አለ አባቴ። «አንተ ከብቱን አታውቀውም።»

ይህን ስሰማ የበረድሁ እንዳይመስላችሁ፤ የባሰ ነደድሁ። «ታዲያ አንድ በአንድ ያሳየና! የመንግሥት ደመወዝ የሚበላው ለምንድነው?»

«ቦራዋን ማን አሳየህ?» አለኝ። «እበቷን እየዛቅህ፣ ከጅራቷ ሥር ከርመህ አይደለም ያወቅሃት? ከሰውየውም ኋላ ክረምበት። ሁሉን ልያዝ አትበል። አንዷን ብቻ ለይ፤ እሷ ጓደኛዋን ታሳይሃለች።»

ሜዳችንን፣ ፎገራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር አፈር ነው፤ ወፍ የሚያባርሩበት ጠጠር እንኳ ይታጣበታል። ጎተራችን የቆመባቸው ድንጋዮች ከወረታ ጀርባ ካለው ጋራ በአህያ የመጡ ናቸው። አባቴ ከነዚያ አንዱን ፈንቅሎ አወጣ፤ በምትኩ ጉቶ ወተፈበት። ድንጋዩን በሩ ላይ አስቀመጠና «ያንተ ነው» አለኝ። ትሄዳለህ አላለኝም፤ ትቀራለህም አላለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተማርሁም። በዚያው ክረምት አባቴ ሞተ፤ ሞፈሩም ቀንበሩም እኔ ላይ ወደቀ። ያ ሜዳ ዛሬ ሩዝ ነው። ከብት እንደዚያ ግር ብሎ የሚወርድበት መሬት አልቀረም፤ ሁሉም አንድ ሁለቱን ደጁ ላይ አስሮ ገለባ ይጥልለታል። የልጅ ልጄን «ቁሚ፣ ምን አየሽ?» የምልበት ቦታ አጣሁ። እሷ ደግሞ ስልኳ ውስጥ ያለውን ሰውዬ በጣቷ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ሲያሻት ታንቀራፍፈዋለች፤ ሲንቀራፈፍ ጠጅ እንደጠገበ ሰው አፉ ይተሳሰራል። እንዲያም ተደርጎ «ፈጠነ» ትላለች። ይፈጥናላ! ከብቱን ሳያውቁ በጣት ቢያቆሙት ምን ሊረባ? ይህንኑ ብነግራት «አባባ ደግሞ ሁሉን ነገር ከከብት!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ያኔ ሰውን በጣት ማቆም ብችል ኖሮ ሙሉጌታን ነበር መጀመሪያ የማቆመው። ግን ደግሞ መስኮት ሥር ቆሞ የሚያደምጥልኝ አባት ነበረኝ። እሷ ያላት ስልክ ነው።

አባቴ ድንጋዩን በሰጠኝ ማግሥት ጠዋት፣ ማጅራቴ ላይ ጭኜው ወረታ ገባሁ። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ሙሉጌታ ገና ሲያየኝ «ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆነ!» አለ። በኛ ወግ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሲመጣ የተበደለው ተነሥቶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል። ሚስተር ይህን ከየት ይወቀው? ጠመኔውን እንደያዘ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ መስኮቱ አየ። ዲሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለች፤ እስከ ዛሬም አልወጣች። ድንጋዩን ራሴው አወረድሁት። ከሙሉጌታ ፊት፣ ሰሌዳው ሥር፣ ከሚስተር እግር አጠገብ አስቀመጥሁትና ቁጭ አልሁበት። ዲሬክተሩ ድንጋዩ መውረዱን አይተው ታረቁ ብለው ይሁን ሰልችቷቸው፣ በሩን ዘግተውት ሄዱ። ሚስተር ትከሻውን ሰበቀና ጎርፉን ለቀቀው። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን አፉ ላይ ተክዬ፣ አንዲት ቦራ እስክትወጣ ጠበቅሁ።