አበረታች ቅመም

የሻንቶ ከተማ ሰዎች «አስናቀችን ሳቅ ይጥላታል እንጂ ዳገት አይጥላትም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው! ነገር በከበደ ቁጥር ሳቋ ይመጣል። በጸሎት መሃል ሳቅ አፍኗት ከመዘምራን ወንበር ስንቴ ሹልክ ብላ ወጥታለች። ምን ታድርግ፣ አፈጣጠሯ ነው። መዋሸት ደግሞ ጭራሽ አይሆንላትም። እነዚህ ሁለት አመሎች ሶዶ ላይ ጉድ ሊሠሯት ነበር።

ዕለቱ የብስክሌት ውድድር፣ ያውም የቡድን ክሮኖ ነው። አራት ሴቶች አብረው ይወጡና እየተፈራረቁ ነፋሱን እየቀደዱ ከሰዓት ጋር ይታገላሉ። አስናቀች የምትመራው የሶዶ ቡድን ግን፣ አይነሳ እንጂ፣ ከጭራነት ወጥቶ አያውቅም። ሊነሱ ሲሉ የውሃ አቀባያቸው ፈጠነች በጥድፊያ አንድ ሃይላንድ ለአስናቀች አቀበለቻት። ውሃ መስሏት ነው። ለአክስቷ የቋጠረችው ቀጭን ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ ነበር!

የመንገዱ እኩሌታ ላይ አስናቀች ሳታይ ግጥም አደረገችው። ወይኔ እናቴ! እሳት ጎረሰች። ሌላ ውሃ ደግሞ ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። ፔዳሉን ረገጠችው። ተራ እንኳ ለማንም አልሰጠችም። ሦስቱ ጓደኞቿ «ምን ነካት ይቺ ልጅ!» እያሉ ጀርባዋ ላይ ተለጥፈው ከነፉ። አንደኛ ወጡ! ሶዶ በእልልታ ቀለጠች፤ ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የተሸነፉት ቡድኖች «አንድ ነገር ወስደዋል!» ብለው ከሰሱና ሽልማቱ ቆመ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪም፣ ዶክተር መክብብ፣ አስናቀችን ድንኳን ውስጥ አስጠሯት። ዛሬ በሌብነት ስሟ ከተነሳ ነገ በሻንቶ መንገድ ምን ዓይን ይዛ ትሄዳለች? ይኼኔ ነው ያ ሳቅ የመጣባት።

«እህቴ፣ የሚያስቅ ነገር የለም» አሉ ዶክተሩ። «አበረታች ቅመም ወስደሻል?»

ቅመም? መዋሸት አልሆነላትም። «ወስጃለሁ፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ብዕራቸውን አነሡ።

«ምን ዓይነት?»

«ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረትም ሳይኖረው አይቀርም...»

«ትቀልጂብኛለሽ? ማነው የሰጠሽ?»

«ፈጠነች።»

«የፈጠነችውማ አንቺ ነሽ! የሰጠሽ ማነው?»

«ፈጠነች ናታ!» አለች አስናቀች፤ ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለራሷም አልለየላትም።

ፈጠነች እንባዋ እየወረደ ሃይላንዱን ይዛ ገባች። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳጣ ነው።»

«ዳጣ ሰውን እንዲህ አያበርርም!» ብለው ዶክተሩ ነጠቋትና አንዴ ጎረሱ።

መጀመሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያማ ምን ይነገራል! ወንበሩን ገልብጠው፣ ዳኞቹን ገፍትረው፣ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ውሃው ሮቶ በረሩ።

«ሰዓት ያዙላቸው!» ጮኸች አስናቀች።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ቧንቧው ሥር ቆይተው፣ ከራስ እስከ ደረት ርሰው ተመለሱ።

«ናሙናው ለወጉ ይወሰዳል» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ሜዳሊያውን ግን አሁኑኑ ስጧቸው። ውሃው ራቅ ቢል ኖሮ እኔም አሸንፍ ነበር።»